ሮዛሲያ በጠይም ፊት ላይ፦ ከጎንደርና ከዙሪያዋ ባለሙያዎች ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ሮዛሲያ የፊት መሃልን የሚያቀላ፣ የሚያግልና ሽፍታ የሚያወጣ የቆየ የቆዳ ሕመም ነው። ጥያቄዎቹ ጤና ጣቢያና መድኃኒት ቤት ከሚሠሩ ባለሙያዎች የመጡ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ጥያቄ (ጤና መኮንን፣ ማክሰኚት)፦ ዶክተር፣ መጽሐፉ «የፊት መቅላት» ይላል። የእኛ ታካሚዎች ጠይም ናቸው፤ ቅላቱን በምን ልየው?

ከቅላቱ በፊት ስሜቱን ጠይቁ። «ምጣድ ፊት ሲቀመጡ፣ ፀሐይ ሲያገኝዎት፣ ትኩስ ነገር ሲጠጡ ፊትዎ ይግላል? ሳሙና ሲነካው ይለበልባል?» ታካሚዋ «ፊቴ ይነዳል» ካለች ግማሹን ነግራችኋለች።

ቀጥሎ ወደ መስኮት አዙሯት፤ በክፍሉ አምፖል ብቻ አትፍረዱ። በጠይም ቆዳ ላይ ቅላቱ ጠቆር ያለ ቡናማ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ነው የሚታየው። ንጹሕ የላቦራቶሪ ስላይድ (ስስ መስታወት) ጉንጯ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ጫን አድርጉ። ደሙ ሲሸሽ ቦታው ከፈዘዘና ስታነሱት ከተመለሰ፣ ያያችሁት የደም ስር መስፋት ነው። ማድያት ግን ቀለም ስለሆነ ሲጫኑት አይጠፋም።

ቦታው ጉንጭ፣ አፍንጫ፣ አገጭና የግንባር መሃል ነው። ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በሚሠራበት መስፈርት፣ በፊት መሃል የማይለቅና አልፎ አልፎ የሚብስ ቅላት ብቻውን ይበቃል፤ የአፍንጫ ቆዳ መወፈርም እንዲሁ። እነዚህ ከሌሉ ከሚከተሉት ሁለቱ ያስፈልጋሉ፦ ድንገት የሚመጣ ግለት፣ ሽፍታ ወይም መግል የያዘ ሽፍታ፣ የፈኩ ቀጫጭን የደም ስሮች፣ የዓይን ምልክት። የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ የለም።

ጥያቄ፦ ከብጉር በምን ይለያል?

ብጉር ጥቁርና ነጭ ነጥቦች (ኮሜዶን) አሉት፤ ሮዛሲያ የለውም። 40 ዓመት የሞላት ሴት ነጥብ የሌለበት «ብጉር» ይዛ ስትመጣ ሮዛሲያን አስቡ። ቅንድብና የአፍንጫ ጎን ላይ ቅባታም ቅርፊት፣ ራስ ላይም ፎረፎር ካለ ሴቦሪክ ደርማታይተስ (ቅባታም ቦታ ላይ የሚወጣ የቆዳ መቆጣት) ነው። ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን አካል የሚያጠቃበት በሽታ) ብዙ ጊዜ ከአፍንጫ ወደ አፍ የሚወርደውን እጥፋት ይዘላል፣ መግልም አይዝም።

ለእኛ አካባቢ ግን ትልቁ ወጥመድ ቁንጭር ነው። በደጋ ያለው ጥገኛ ተውሳኩ ሌሽማንያ ኢትዮፒካ፣ ሽኮኮ የሚሸከመው፣ ፊት ላይ ተሰራጭቶ ሮዛሲያን ሊመስል ይችላል። በአንድ ጎን ያመዘነ፣ ሲዳስሱት ጠጠር ያለ፣ ቅርፊት የያዘና ወራት ያስቆጠረ ከሆነ ዶክሲሳይክሊን (ለሮዛሲያ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ) ከመጀመራችሁ በፊት ከጠርዙ ስሚር (በማይክሮስኮፕ የሚታይ ናሙና) ውሰዱ። ማንበብ ካልቻላችሁ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ላኩ። የጆሮ ጫፍ ካበጠ ወይም ቆዳው ከደነዘዘ ደግሞ ለሥጋ ደዌ መርምሩ።

ጥያቄ (ፋርማሲስት፣ አዘዞ)፦ ብዙዎች ቤታሜታዞን (ስቴሮይድ ክሬም) ቀብተው ቆይተው ነው የሚመጡት። ስናስቆማቸው ይብስባቸዋል። ምን እናድርግ?

ከሁሉ የሚያስቸግረው ይሄ ነው፤ ስለ ክሬም ሳይጠየቅ ሮዛሲያ ባይታከም እመርጣለሁ። «ስቴሮይድ ተቀብተዋል?» ብትሉ «አይ» ነው መልሱ። «ፊትዎን ምን ይቀባሉ? ቱቦውን ያምጡት» በሉ። ቤታሜታዞን፣ ክሎቤታሶል፣ ሞሜታሶን፣ ወይም ከፀረ ፈንገስ ጋር የተቀላቀለ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ የማድያት ክሬም ውስጥም ከሃይድሮኪኖን (ቆዳ የሚያነጣ መድኃኒት) ጋር ስቴሮይድ አለ። ስም በሌለው ብልቃጥ የተቀዳውንም አትመኑት።

ክሬሙ የደም ስሩን ስለሚያጠብ ለጊዜው ያሳምራል። ሲቆም ስሩ ይሰፋል፤ ፊት ያብጣል፣ ይነዳል፣ መግል ያወጣል። ታካሚዋ «መድኃኒቴ እሱ ነበር» ብላ የምትመለሰው በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ንገሯት፦ መጀመሪያ ሳምንታት ይብሳል፣ ከዚያ ይወርዳል። ጠንካራውን ለወራት የተጠቀመች ከሆነ ወደ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን አውርዱና በቀን አንዴ ከ1 እስከ 2 ሳምንት አድርጋ ታቁም። ዶክሲሳይክሊኑን አብራችሁ ጀምሩ። ለግለቱ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ይበቃል።

ጥያቄ፦ መድኃኒቱን ከነመጠኑ ቢነግሩን?

ሽፍታው ቀላል ከሆነ ከሦስት አንዱ፦ ሜትሮኒዳዞል 0.75 በመቶ ጄል በቀን 2 ጊዜ፣ አዜላይክ አሲድ 15 በመቶ በቀን 2 ጊዜ፣ ወይም አይቨርሜክቲን 1 በመቶ ክሬም በቀን 1 ጊዜ። ከጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የሚወጣ መጠን ግማሽ ግራም ገደማ ነው። በቀን ሁለቴ ያን ያህል ከቀባች የ30 ግራም ቱቦ አንድ ወር ይሄዳል፤ አንድ ቱቦ ለሦስት ወር ማዘዝ ታካሚዋን ማቆራረጥ ነው።

ሽፍታው ከበዛ ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊግራም በቀን 1 ጊዜ ለ6 እስከ 12 ሳምንት ጨምሩ። በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጥ፣ ከዚያም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አይተኛም፤ ካልሆነ ጉሮሮ ያቆስላል። ከአይረን ክኒንና ከጨጓራ ማስታገሻ ሁለት ሦስት ሰዓት ይራቅ። በፀሐይ የመቃጠል ዕድልንም ይጨምራል፤ የጎንደር ከፍታ ከ2,000 ሜትር በላይ መሆኑን አትርሱ። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ለእሷ አዜላይክ አሲድ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ጄሉ ከጠፋ የሜትሮኒዳዞል ክኒን ፈጭተን በቫዝሊን ብናደርግ?

አይሆንም። የተፈጨ ክኒን በቫዝሊን ውስጥ እኩል አይበተንም፣ ፍርፋሪውም የተቆጣ ቆዳ ይፍቃል። የሚቀምም ፋርማሲስት ካላችሁ በንጹሕ የሜትሮኒዳዞል ዱቄት፣ ለ30 ግራም ክሬም 225 ሚሊግራም፣ እሱ ይሥራው።

ጥያቄ (ነርስ፣ ዳባት)፦ ዓይናቸውም «አሸዋ ገባበት» ይላሉ። ትራኮማ ነው እንዴ?

ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ስለሚችሉ የላይኛውን ቆብ ገልብጡ። በውስጡ ፍሬ መሰል ነጠብጣብ ወይም ነጭ ጠባሳ ካለ፣ ፀጉሩም ወደ ውስጥ ከተቀለበሰ ትራኮማ ነው። ውስጡ ደህና ሆኖ ጠርዙ ከቀላ፣ ቀጫጭን ስሮች ከታዩ፣ እባጭም ደጋግሞ የሚወጣ ከሆነ የዓይን ሮዛሲያ ነው። በሞቀ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በተከደነ ዓይን ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በቀን ሁለቴ፣ ከዚያ ቆቡን ወደ ፀጉሩ አቅጣጫ ማሸት። ሙቀቱ ጉንጭ እንዳይነካ። ብርሃን ካስፈራ፣ ካመመ ወይም እይታ ከደበዘዘ ግን በዕለቱ ወደ ዓይን ሐኪም።

ጥያቄ፦ በርበሬና ቡና ይከልከሉ?

በጅምላ አትከልክሉ፤ ማንም አይታዘዝም። ቡናው ቀዝቀዝ ብሎ ይጠጣ፣ የሚያግለው ሙቀቱ ነው። አረቄ ብዙዎችን ያግላል። እንጀራ ስትጋግር አክንባሎውን ስታነሳ ፊቷን ከእንፋሎቱ ወደ ጎን ታዙር፣ በሩም ይከፈት። ጃንጥላ ወይም ሰፊ ባርኔጣ፣ ካገኘች ሰን ስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) SPF 30 እና ከዚያ በላይ። ሎሚና የሚፈትግ ሳሙና ይቅር።

ጥያቄ፦ ይድናል? መቼ ነው «አልሠራም» የምንለው?

ይቆጣጠሩታል እንጂ አይነቀልም። ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሳይሞላ መድኃኒት አትቀይሩ። ሽፍታው ሲጠፋ ክኒኑን አቁሙ፣ የሚቀባው ይቀጥል። የፈኩት ስሮች በክኒንም በጄልም አይጠፉም፣ የሚያነሳቸው ሌዘር ነው። ይህን ቀድማችሁ ካልነገራችኋት፣ ሽፍታው ድኖላትም «አልተሻለኝም» ትላችኋለች።