ፊልተሩ ቀሎ ተመለሰ፤ አቧራ የለም ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የቤት ዕቃ መሥሪያ ውስጥ እንጨት በማለስለስ ነው የምተዳደረው። በነሐሴ ባለሙያዎች መጥተው ወገቤ ላይ ትንሽ ፓምፕ፣ ኮሌታዬ ላይ ደግሞ ፊልተር ያለበት ክብ ፕላስቲክ አሰሩልኝ። እንደታሰረልኝ ስሠራ ዋልኩ። ውጤቱ ሲመጣ ፊልተሩ ከመጀመሪያ ክብደቱ በ0.1 ሚሊግራም ቀንሷል ይላል። አለቃችን «አቧራ የለም ማለት ነው» ብሎ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጠፈው። እኔ ግን ማታ ስናፈጥ የሚወጣው ሰጋቱራ ነው። ማንን ልመን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አፍንጫዎን ይመኑ። እነዚህን ፊልተሮች መመዘን የእኔ ሥራ ነው። ያ ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፉ አናዶኛል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፊልተሩ ከመሄዱ በፊት ይመዘናል፣ ሲመለስ ይመዘናል፣ ልዩነቱ ፓምፑ ለሳበው አየር ይካፈላል። በደቂቃ 2 ሊትር የሚስብ ፓምፕ በ8 ሰዓት 960 ሊትር ይስባል፤ አንድ ሜትር ኩብ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። የአውሮፓ ኅብረት ለጠንካራ እንጨት አቧራ ያስቀመጠው ጣሪያ በሜትር ኩብ 2 ሚሊግራም ነው። እዚያ ጣሪያ ላይ የደረሰ ቤት ውስጥ እንኳ ፊልተሩ የሚይዘው 2 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። በዓይን ይህ ነው የማይባል ክብደት ነው። ስለዚህ ትንሽ ነገር ውጤቱን ያዛባዋል።

አንዱ እርጥበት ነው። ከሴሉሎስ የተሠራ ፊልተር እርጥበት ይጠጣል፤ ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራው ብዙም አይጠጣም። በዝናብ ሰሞን እርጥበት እንደያዘ ተመዝኖ፣ ሲመለስ ደርቆ ከተመዘነ፣ አቧራ ይዞም ሊቀል ይችላል። ለዚህ ነው ሙቀቱና እርጥበቱ በማይለዋወጥ ክፍል ውስጥ አሳድረን የምንመዝነው። ሌሊት መብራት ከሄደ በማግስቱ አንመዝንም፤ እንደገና እናሳድረዋለን። ፊልተሩ ላይ የሚጠራቀም ስታቲክ ኤሌክትሪክም ሚዛኑን ያሳስተዋል፤ ሳይወገድ ሚዛን ላይ አይወጣም።

ግን እንደ እርስዎ ባለ ቤት እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሌላ ነገር ነው። አቧራው ፊልተሩ ላይ ሳይሆን የፕላስቲኩ ግድግዳ ላይ ቀርቶ ይሆናል። የእንጨት አቧራ ፕላስቲክ ላይ መጣበቅ ይወዳል። ኮብልስቶን ላይ በታክሲ ሲንገጫገጭ ደግሞ ፊልተሩ ላይ የነበረውም ይራገፋል። መዛኙ ፊልተሩን ብቻ አንስቶ ከመዘነ፣ እርስዎ ሊስቡት የነበረው አቧራ ከፕላስቲኩ ጋር ተጥሏል ማለት ነው።

አሁን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፤ «ባዶው ፊልተር ስንት መጣ?» በሏቸው። ባዶ የምንለው ከእርስዎው ጋር አብሮ ሄዶ የተመለሰ፣ ግን አየር ያልተሳበበትን ነው። ለምሳሌ ባዶው በ0.3 ሚሊግራም ቀንሶ ከሆነ፣ የእርስዎ 0.1 ቀነሰ ማለት በእርግጥ 0.2 ሚሊግራም አቧራ ይዟል ማለት ነው። ባዶዎቹ እርስ በርሳቸው ከተራራቁ ወይም ጭራሽ ባዶ ካልነበረ፣ ያ ውጤት አይረባም። ልኬቱ ይደገም።

ሲደገም የፓምፑ ፍሰት እዚሁ አዲስ አበባ ተስተካክሎ እንደሆነም ይጠይቁ። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ቆላ ላይ የተስተካከለ ፓምፕ እዚህ ሊሳሳት ይችላል።

ይህን ሁሉ የምለው ነገሩ ቀላል ስላልሆነ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት አቧራን ሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተራ መድቦታል፤ አንዱ የአፍንጫ ካንሰር ነው። አዲሱ ውጤት እስኪመጣ ሰጋቱራውን በኮምፕሬሰር መንፋት ይቅር፤ ወለሉም በደረቁ አይጠረግ። ማለስለሻው ማሽን ላይ አቧራ መሳቢያ እንዲገጠም ለአለቃዎ ይንገሩ። ብቻዎን ከሚሄዱ ከባልደረቦችዎ ጋር ሆናችሁ ብትጠይቁ ይሻላል።