«ቦታ ጠቦት ነው» ይሉኛል፦ የነፍሰ ጡሮች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከሐዋሳ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ ሆድ ውስጥ ያለ ልጅ እንቅስቃሴው ስለመቀነሱ። ስለ ማቅለሽለሽና ስለ እግር እብጠት የጠየቃችሁኝ ለጊዜው ታገሱኝ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፦ ልጅሽ ዛሬ እንቅስቃሴው ከቀነሰ እኔን አትጠይቂ። እኔ እስክመልስ ቀን ያልፋል። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ ከዚያ ትጽፊልኛለሽ።

«ሲስተር፣ የመጀመሪያ እርግዝናዬ ነው። ስምንተኛ ወሬን ጨርሻለሁ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ልጁ እንደ ድሮው አይራገጥም። አማቴ ‹ቦታ ጠቦት ነው፣ ሊወለድ ሲል እንዲህ ነው› አሉኝ። እውነት ነው?» (ከታቦር ክፍለ ከተማ)

እውነት አይደለም። ለጠያቂዋ ጥያቄዋን እንዳየሁ «ዛሬውኑ ሂጂ» ብዬ ልኬላታለሁ። እዚህ የምጽፈው ለሌሎቻችሁ ነው።

አማትሽ ክፉ አስበው አይደለም። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ አባባል ነው፤ እኔም ወሊድ ክፍል ውስጥ ስንቴ ሰምቼዋለሁ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። እንቅስቃሴ መሰማት የሚጀምረው ከ16ኛው እስከ 24ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያ እርግዝና ሲሆን ዘግየት ይላል። ከዚያ እስከ 32ኛው ሳምንት ድረስ እየጨመረ ይሄዳል። ከ32 ወዲያ ባለበት ይቀጥላል እንጂ አይቀንስም። ምጥ ከጀመረ በኋላ እንኳ ልጁ ይንቀሳቀሳል። ሊለወጥ የሚችለው ዓይነቱ ነው፤ ርግጫው ቀርቶ መገላበጥና መግፋት ሊበዛ ይችላል። ብዛቱ ግን ያው መሆን አለበት።

ታዲያ ለምን ይቀንሳል? ብዙ ጊዜ ምንም ችግር አይገኝም። ልጁ ተኝቶ ይሆናል፣ ወይም እናትየዋ ሥራ በዝቶባት ልብ አላለችም። ሆድ ውስጥ ያለ ልጅ በአንድ ጊዜ የሚተኛው ባብዛኛው ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ነው፤ ከ90 ደቂቃ ማለፉ ብርቅ ነው። አንዳንዴ ግን እንግዴ ልጁ በቂ ኦክስጅንና ምግብ ማድረስ ያቅተዋል። ያኔ ልጁ ያለውን አቅም ለመቆጠብ እንቅስቃሴውን ይቀንሳል። እኛን የሚያስፈራን ይሄኛው ነው። ሁለቱን ደግሞ ቤት ሆኖ መለየት አይቻልም፤ አማትም አትለይ፣ ጎረቤትም አይለይ፣ እኔም ከዚህ ሆኜ አልለይም።

ስትሄጂ የልጁን የልብ ምት ያዳምጣሉ። የደም ግፊትሽን ይለካሉ፣ ሽንትሽን ያያሉ፣ የማህፀንሽን ከፍታ በሜትር ይለካሉ። የልብ ምቱን እየመዘገበ የሚያወጣው ማሽን ወይም አልትራሳውንድ ካስፈለገና እዚያ ከሌለ፣ ወደ አዳሬ ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል (ሁላችንም «ሪፈራል» የምንለው) ይልኩሻል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ በነጻ ነው። ሌሊት ከሆነም «ይንጋ» አትበዪ። ደም ከታየሽ፣ ውሃ ከፈሰሰሽ ወይም ራስ ምታቱ ከበረታና ዓይንሽ ከደበዘዘ ደግሞ ጨርሶ አትዘግዪ፤ አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

አማትሽም «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ይበሉ፣ ደግ ነው። ብለው ባጃጅ ይጥሩልሽ።

«ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ልብስ ስፌት ላይ ነው የምሠራው። ሰባት ወር አልፎኛል። ቀን ቀን ምንም አይሰማኝም፤ ማታ ጋደም ስል ነው የሚነሳው። ለክትትል ፈቃድ ስጠይቅ ደግሞ አለቃዬ ፊቱን ያጠቁርብኛል።»

ማሽን ላይ ሆነሽ ዒላማ ለመድረስ ስትሯሯጪ ባይሰማሽ አይገርምም። ልጆችም ከሰዓት በኋላና ማታ ነቃ ይላሉ። ዋናው የአንቺ ልጅ ልማዱ ምን እንደሆነ ማወቅሽ ነው። ማታ ማታ የሚነሳ ከሆነ፣ ማታ ሳይነሳ ሲቀር ያ ለውጥ ነው። እርግጠኛ ካልሆንሽ በግራ ጎንሽ ተኚና ሌላ ነገር ሳታስቢ ለሁለት ሰዓት ልብ በይው። 10 እንቅስቃሴ ካልሞላ ተነሺና ሂጂ። መቀነሱ በግልጽ ከታወቀሽ ግን ይህንን ሁለት ሰዓትም አትጠብቂ። ስትተኚም ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ በጎንሽ ይሁን፤ በጀርባ መተኛት በዚህ ጊዜ አይመከርም።

አለቃሽን በተመለከተ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለእርግዝና ምርመራ ደመወዝ የማይቆረጥበት ፈቃድ እንዲሰጣት ያዛል። ከሐኪም ማስረጃ ሊጠይቁሽ ይችላሉ፤ አምጪላቸው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ወይም ትርፍ ሰዓት ማሠራትም ክልክል ነው። ፊት ማጥቆር አዋጁ ውስጥ የለም፤ ያጥቁር።

«ባለቤቴ ወሯ ሊገባ ነው። ልጁ በቀን ስንት ጊዜ መራገጥ አለበት? ስልኬ ላይ የልብ ምት የሚያሰማ አፕ ጭኛለሁ፤ ይታመናል?» (ከሐይቅ ዳር)

ለሁሉም የሚሠራ ቁጥር የለም። አንዱ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲፈራገጥ ይውላል፣ ሌላው ቁጥብ ነው፤ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እናቶች ሁሉ በየቀኑ ርግጫ እየቆጠሩ ይመዝግቡ አላለም። የሚታየው ከራሱ ልማድ መለወጡ ነው።

አፑን አጥፋው ወንድሜ። እንደ ዶፕለር ያለው የማዳመጫ መሣሪያ እንኳ ሥልጠና በሌለው ሰው እጅ ሲሆን የእናትየዋን የደም ምት የልጁ አስመስሎ ያሰማል። የልጁ ልብ መምታቱም ብቻውን ልጁ ደህና ነው ማለት አይደለም። ሰውን አረጋግቶ ቤት የሚያስቀምጥ ነገር እኔ አልወድም። መጥቀም ከፈለግህ ሌሊት ስትደውልለት የሚመጣ የባጃጅ ሹፌር ስልክ ያዝ፣ ትንሽ ብር ለብቻው አስቀምጥ። ማታ ማታ ደግሞ «ዛሬስ እንዴት ዋለ?» በላት።

«አልትራሳውንድ ስነሳ እንግዴ ልጁ ከፊት ነው አሉኝ። ርግጫው ደከም ያለብኝ ለዚህ ነው?»

ሊሆን ይችላል፤ በተለይ እስከ 28ኛው ሳምንት። መሃል ገብቶ ርግጫውን ያለዝበዋል። ነገር ግን ይሰማሽ የነበረው ሲቀንስ ሰበቡን በእንግዴ ልጁ ላይ አታድርጊ። እሱ ትናንትም እዚያው ነበር።

«ቀዝቃዛ ለስላሳ ስጠጣ ይነሳል ይሉኛል። ቡናስ?»

ለስላሳው ልጁን እንደሚቀሰቅስ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ከራበሽ ብዪ፣ ከጠማሽ ጠጪ፤ ግን ምርመራን አይተካም። ቡናን በተመለከተ፣ በቀን ከ300 ሚሊግራም በላይ ካፌይን የሚወስዱ ነፍሰ ጡሮች እንዲቀንሱ ይመከራል። አቦሉን ጠጥተሽ ቶናና በረካውን ለጎረቤት ብትተዪ ማንም አይቀየምሽም።

«ባለፈው ሳምንት ሄጄ ሁሉም ደህና ነው ተብዬ ተመለስኩ። አሁን ደግሞ ቀንሷል። ያኔ አዋላጇ ‹አንቺ ደግሞ ታበዢዋለሽ› ስላለችኝ ተመልሼ ለመሄድ አፈርኩ።» (ከመናኸሪያ)

ተመልሰሽ ሂጂ። እንዲያውም ሁለተኛ ጊዜ ሲሆን ይበልጥ መታየት አለብሽ፤ የልጁን ዕድገትና የሽርት ውሃውን መጠን በአልትራሳውንድ ማየት ያስፈልጋል። ያቺን የሙያ ባልደረባዬን በተመለከተ፦ ሰዓቱ ረጅም፣ ወረፋው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም እንዲህ አይባልም። አንዲት ሴት ደህና ሆና አሥር ጊዜ ብትመጣ ይሻለኛል።

ስትገቢ «ትንሽ ደክሞኛል» እያልሽ አትለሳለሺ። እንዲህ በይ፦ «36 ሳምንቴ ነው። ልጁ ከትናንት ማታ ጀምሮ እንቅስቃሴው ቀንሷል። ሁለተኛ ጊዜዬ ነው።» ሳምንቱን በራስሽ ቀይሪው። የክትትል ካርድሽን ያዢ። ሳያዩሽ ሊመልሱሽ ካሉ የተረኛውን ኃላፊ ጠይቂ። ብቻሽን ከሆንሽ ቆጣ የሚል ሰው ይዘሽ ሂጂ፤ እህት ለዚህ ጊዜ ነው።

«ልጄ ሆዴ ውስጥ ስቅታ የያዘው ይመስለኛል። ትክ ትክ ትክ ይላል፤ ችግር አለው?»

የለውም። በእኩል ልዩነት ትክ ትክ ካለና ጥቂት ቆይቶ ከተወው ስቅታ ነው። እንቅስቃሴ ስትቆጥሪ ግን እሱን አትጨምሪው። ስቅታ ለማስለቀቅ በድንገት ሊያስደነግጡሽ የሚያስቡ ዘመዶች ካሉ ከልክያቸው።