ሦስት መመርመሪያ፣ ሦስት ቁጥር፦ የመመረቂያ ጽሑፍ «የማሽን ነው» ሲባል

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የሆኑ አንዲት አንባቢ በእንግሊዝኛ የጻፉትን የመመረቂያ ጽሑፍ ጽሑፉን ሰው ወይስ ማሽን እንደጻፈው በሚገምቱ ሦስት ነጻ መመርመሪያ ፕሮግራሞች ቢያስገቡት፣ አንዱ 78 በመቶው፣ ሌላው 12 በመቶው፣ ሦስተኛው 64 በመቶው በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የተጻፈ ነው ብሏቸዋል። አማካሪያቸው ከ20 በመቶ በታች ካልሆነ አልቀበልም ስላሏቸውም፣ የአንድ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ገንዘብ ተቀብሎ «የሰው የሚያስመስል» በተባለ ፕሮግራም አሳልፎ መልሶላቸዋል። ቁጥሩ ወርዷል፤ ጽሑፉ ግን ለራሳቸውም አይገባቸውም። ምን ላድርግ ሲሉ ጽፈውልኛል።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ጽሑፍዎን ከዛሬ ጀምሮ በየትኛውም ነጻ መመርመሪያ ላይ አይለጥፉ። ሥራው ገና ያልታተመ ነው፤ በውስጡም የመረጃ ሰጪዎችዎ ቃል አለ፤ አንዴ ከለጠፉት በኋላ የት እንደሚቀመጥ መቆጣጠር አይችሉም።

ቃለ መጠይቁን የተነተኑበት አራተኛው ምዕራፍ ንጹሕ ሆኖ ክለሳ ድርሳኑ (የቀደሙ ጥናቶችን የሚቃኘው ክፍል) በመመርመሪያው ከዳር እስከ ዳር ቀይ መቅለሙን ሳነብ፣ ጥርጣሬዬ ወዲያው ወደ አንድ ቦታ ሄደ። በደብዳቤዎ ባይገልጹትም፣ ክለሳ ድርሳኑን በአማርኛ አርቅቀው በትርጉም ፕሮግራም ወደ እንግሊዝኛ መልሰው፣ ከዚያ የሰዋስው ማረሚያው ያቀረበውን እርማት ሁሉ ሳያመዛዝኑ የተቀበሉ ይመስለኛል። ለእርማት ወደ እኔ ከሚመጡት ጽሑፎች ብዙዎቹ በዚሁ መንገድ ያለፉ ናቸው። ሐሳቡ የእርስዎ ቢሆንም ቃሉን የመረጠው ማሽን ስለሆነ፣ መመርመሪያው እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም።

ቁጥሩን ግን እንደ ላቦራቶሪ ውጤት እንዳያዩት አሠራሩን ላስረዳ። «እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም» ብዬ ባቆም ቀጣዩን ቃል ማንም ይሞላዋል፤ «አደረሳችሁ» ነው። «ትናንት ገበያ ወጥቼ» ብዬ ባቆም ግን ሽንኩርት ልግዛ ወይስ ዘመድ ላግኝ የሚያውቅ የለም። ብዙዎቹ መመርመሪያዎች የሚለኩት ይህንኑ ነው፦ እያንዳንዱ ቃል ለመገመት ምን ያህል እንደሚቀል፣ የዐረፍተ ነገሮቹም ርዝመት ምን ያህል እንደሚለዋወጥ። ለግምት የቀለለና ወጥ የሆነው ጽሑፍ «የማሽን» ይባላል። እንግሊዝኛን ከመጽሐፍ የተማረ ሰውም የሚጽፈው እንዲሁ ነው፤ የማያሳስተውን ቃል ይመርጣል፣ የለመደውንም አገባብ ይደጋግማል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 7 መመርመሪያዎችን የውጭ አገር ተፈታኞች ለቶፍል (የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታ ፈተና) በጻፏቸው 91 ድርሰቶች ላይ ሲሞክሩ፣ በአማካይ 61 በመቶ ያህሉ በሐሰት የማሽን ተብለዋል፤ 18ቱን ድርሰቶች ደግሞ ሰባቱም መመርመሪያዎች በአንድ ቃል ወንጅለዋቸዋል። የአሜሪካ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ድርሰቶች ግን ከሞላ ጎደል ያለ ችግር አልፈዋል። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ በጃንዋሪ 2023 ያወጣው መመርመሪያ በድርጅቱ የገዛ ሙከራ ከማሽን ጽሑፎች የለየው 26 በመቶውን ብቻ ሲሆን፣ ከሰው ጽሑፎችም 9 በመቶውን በሐሰት ወንጅሏል፤ በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ከአገልግሎት ወጣ። በአማርኛ ጽሑፍ ላይማ ጭራሽ አይመኑት፤ ኮምፒውተር ጽሑፍን በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው ሥርዓት አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት (የመረጃ ቁራጭ) ስለሚይዝ፣ ለእንግሊዝኛ የተሠራ መሣሪያ ብዙ ጊዜ የሚገምተው ቃሉን ሳይሆን የፊደሉን ስብርባሪ ነው።

ወደ «ጥገናው» ስመጣ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ያናድደኛል። እነዚያ ርካሽ ፕሮግራሞች ብዙውን ጊዜ የሚያደርጉት እያንዳንዱን ቃል በሚመስለው ቃል መተካት ነው፤ «ብሬስት ካንሰር» (የጡት ካንሰር) የሚለው የሕክምና ስያሜ «ቦሶም ፔሪል» (የደረት አደጋ እንደ ማለት) ተብሎ በታተሙ ጥናቶች ውስጥ ሳይቀር ተገኝቷል። በዚህ መንገድ የሙያ ቃሎችዎ ከጠፉ ፈታኙ የሚጠረጥረው ያለ መመርመሪያ ነው።

ስለዚህ ያንን ቅጂ ይጣሉትና የሰዋስው ማረሚያው ከመግባቱ በፊት የነበረውን ረቂቅ ይፈልጉ፤ በፍላሽ፣ ለአማካሪዎ በላኩት ኢሜይል፣ በጉግል ዶክስ ከሠሩም የቀድሞ ቅጂዎችን በሚያስቀምጠው ቨርዥን ሂስትሪ ውስጥ። ክለሳ ድርሳኑን ከአማርኛው ረቂቅ ተነሥተው አንድ አንቀጽ እያነበቡ፣ ወረቀቱን እንዳያዩት ደፍተው፣ በራስዎ እንግሊዝኛ ይጻፉት፤ ጥቂት ስህተት ቢቀር ፈታኙ ያርመዋል። ይህን ሲያደርጉ እያንዳንዱን ለውጥ የሚመዘግበው ትራክ ቼንጅስ ክፍት ይሁን።

ለአማካሪዎም የመመርመሪያውን ጠባይ በዓይናቸው ያሳዩአቸው። ሚዛን በሚታወቅ ክብደት እንደሚፈተሽ ሁሉ፣ ቻትጂፒቲ ከወጣበት ከኖቬምበር 2022 በፊት የታተመ የአገራችንን ተመራማሪ ጽሑፍ በሦስቱም መመርመሪያዎች ያስገቡና የሚሰጡትን ቁጥር ጎን ለጎን ያስቀምጡ። የታተመ ጽሑፍ ነውና ጉዳት የለውም፤ የራስዎን ግን፣ ደግሜ እላለሁ፣ አይለጥፉ። የትርጉም ፕሮግራም ተጠቅመው ከሆነም አይደብቁ፤ ረቂቆቹንና የቃለ መጠይቅ ማስታወሻዎቹን ይዘው ቀርበው በቃል እንዲጠይቁዎት ይጠይቁ።

የቀድሞው ረቂቅ ከጠፋብዎ የጽሕፈት ቤቱን ሠራተኛ መጀመሪያ የሰጡትን ፋይል ይጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ ዳውንሎድ ፎልደሩ ውስጥ ተረስቶ ይገኛል። ቅጂውን በእጅዎ ካስገቡ በኋላ የመረጃ ሰጪዎችዎን ቃል የያዘው ፋይል ከዚያ ኮምፒውተር ላይ እርስዎ ቆመው እያዩ ይጥፋ።