ልጅ ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት መግባት

ጥያቄ፦ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን በኤክስቴንሽን የምከታተል እናት ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ልጅ የሚይዝልኝ ሰው ስላጣሁ የስድስት ዓመት ልጄን ይዤ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ብሄድ፣ የጥበቃ ሠራተኛው «ልጅ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ብሎ ከበር መለሰኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን የማስረክብበት ቀን ደግሞ ተቃርቧል። ክልከላው ተገቢ ነውን? ምንስ ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጉዳዩ የሚወሰነው በየዩኒቨርሲቲው የቤተ መጻሕፍት መተዳደሪያ ደንብ ስለሆነ፣ ከሁሉ አስቀድመው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ አስተዳደር ቀርበው ደንቡን በጽሑፍ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። የጥበቃ ሠራተኛው የሚያስገባው መታወቂያ ያለውን ሰው ነው፤ ልጅዎ መታወቂያ ስለሌለው እንደ ማንኛውም የውጭ ሰው ይቆጥረዋል፤ ከዚህ አልፎ የመወሰን ሥልጣን የለውም።

ክልከላው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በፈተና ሰሞን የንባብ ክፍሉ ጢም ብሎ ይሞላል፤ የላፕቶፕ ገመድ ከግድግዳው ሶኬት እስከ ጠረጴዛው ድረስ በመተላለፊያው ላይ ተዘርግቶ ይውላል፤ መደርደሪያዎቹም ለመንጠላጠል የሚጋብዙ ረጃጅም ናቸው። ከሁሉ የሚከፋው ግን ወላጅ መጽሐፍ ፍለጋ ሌላ ፎቅ ሲወጣ ልጁ ብቻውን የቀረ እንደሆነ ነው፤ እሳት ቢነሳ ወይም ሕንፃው በድንገት ይለቀቅ ቢባል ያንን ልጅ እጁን ይዞ የሚያወጣው ማን እንደሆነ አይታወቅም። በዚህም ምክንያት በውጭ ሀገር የሚገኙ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ልጅን ጨርሶ ከመከልከል ይልቅ፣ ወላጅ ከልጁ ለአፍታም እንዳይለይ ያስገድዳሉ፤ ጸጥታ በጥብቅ የሚጠበቅባቸውን ክፍሎችና ለተማሪዎች የተመደቡ ኮምፒውተሮችንም ለብቻ ይለያሉ።

እኛም ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው ብለን እናምናለን። በሩን ጨርሶ መዝጋት የሚጎዳው በአብዛኛው ሥራን፣ ትምህርትንና ልጅ ማሳደግን አንድ ላይ የተሸከሙ እናቶችን ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ የነበረ ቢሆንም፣ የታሰበው ለሠራተኛዋ እንጂ ለተማሪዋ አልነበረም፤ ይህ ክፍተት ዩኒቨርሲቲዎቻችንን ሊያሳስባቸው ይገባል።

ለጊዜው የሚከተለውን ይሞክሩ። ተውሰው ሊወጡ የሚችሉትን መጻሕፍት ዝርዝር አስቀድመው አዘጋጅተው፣ ልጅዎን ከጎንዎ ሳይለዩ ለመዋስ ያህል ብቻ ለመግባት ፈቃድ ይጠይቁ፤ ለአጭር ጊዜ የሚቀርብ ጥያቄ በቀላሉ ሊፈቀድ ይችላል። ወደ ቤት የማይወሰዱ የመመረቂያ ጽሑፎችን በተመለከተ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብዙዎቹን በኢንተርኔት ስለሚያቀርብ ከቤትዎ ሆነው ሊያነቧቸው ይችላሉ። ልጅዎን ይዘው መዋል ካለብዎ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ አካባቢ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ስላለው ይመቻል። ልጁን ግን «አንድ ጊዜ ይዩልኝ» ብለው ለጥበቃ ሠራተኛው ትተው አይግቡ፤ እርሱ በሩን እንጂ ልጅ እንዲጠብቅ አልተመደበም።

ከዚሁ ጎን ለጎን ተመሳሳይ ችግር ካለባቸው የትምህርት ጓደኞችዎ ጋር ሆነው ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ማመልከቻ ያስገቡ። በማመልከቻው ቅዳሜና እሑድ፣ ከፈተና ሰሞን ውጭ፣ በአንድ በተለየ ክፍል ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር እንዲያነቡ ይፈቀድ ዘንድ ይጠይቁ፤ ለሚደርሰው ጉዳትም ሆነ ለሚፈጠረው ሁከት ኃላፊነቱን ወላጁ እንደሚወስድ በግልጽ ይጻፉ።