ሐረጎን የሚወርዱ አራት ብርሌዎች

ጠያቂዋ የደሴ ነዋሪ ናቸው። በነሐሴ መጨረሻ ቤተሰባቸውን ይዘው ከሮቢት ሰፈር ወደ ኮምቦልቻ ሊዛወሩ ነው። ከእናታቸው የወረሷቸው ስድስት ብርሌዎች ነበሯቸው፤ ከሦስት ዓመት በፊት ከፒያሳ ወደ ሮቢት ሲዛወሩ ሁለቱ ተሰበሩ። «በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ ትልቅ ካርቶን ውስጥ አስቀምጠን፣ ‹ተሰባሪ› ብለን ጽፈንበት ነበር። መንገዱም ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ታዲያ እንዴት ተሰበሩ? አሁንማ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ሳስበው አራቱንም አጥቼ እንዳልደርስ ፈራሁ» ይላሉ። ከብርሌዎቹ ሌላ ሁለት ደርዘን ያህል የሻይና የውሃ ብርጭቆ፣ ስኒዎች፣ የመስታወት በር ያለው ቡፌና አንድ የቁም መስታወት አሏቸው።

እህቴ፣ አይዞዎት። እኔ ሥራውን የጀመርኩት በጫኝና አውራጅነት ነው፤ አሁን ደግሞ ሰው ቤት እየገባሁ ዕቃ አሽጌ አስጭናለሁ። ሐረጎን ስንት ጊዜ እንደወረድኩ ቆጥሬ አላውቅም። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው፤ ቁልቁለቱ ያስፈራል እንጂ እሱ ራሱ ብርጭቆ ሲሰብር እምብዛም አላየሁም። ስባሪ የያዘ ካርቶን ስከፍት ጥፋቱን የማገኘው እዚያው ካርቶኑ ውስጥ ነው፦ ባዶ ቦታ።

የእርስዎም ነገር ይኸው ይመስለኛል። ብርድ ልብስ ለስላሳ ነው፤ ልስላሴው ግን ያታልላል። በእጅዎ ሲዳብሱት ወፍራም ነው፤ መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ብርሌው በክብደቱ ይጫነውና ሁለት ጣት የነበረው ውፍረት እንደ አንሶላ ይሳሳል። ያኔ ብርሌ ከብርሌ ይገናኛል። መስታወት ጭነትን ብዙ ይችላል፤ የማይችለው መለጠጥንና በአንድ ነጥብ ላይ መመታትን ነው። ስንጥቅ የሚነሳው ደግሞ ፊቱ ላይ ካለ ጭረት ነው። የእናትዎ ብርሌዎች ስንት ድግስ ያስተናገዱ፣ ጠጅም ብርዝም የተጠጣባቸው፣ ስንቴ ታጥበው እርስ በርስ የተነካኩ ናቸው፤ ዓይን የማያየው ጭረት አያጣቸውም። ስለዚህ አዲስ ብርጭቆ የሚችለውን ምት እነርሱ ላይችሉት ይችላሉ።

እኔ ይህን የተማርኩት በሰው ዕቃ ነው። ጀማሪ ሳለሁ የአንዲት ሙሽራ ብርጭቆዎችን በጭድ ውስጥ ቀብሬ፣ ካርቶኑን እስከ አፉ ሞልቼ፣ ደስ ብሎኝ ዘጋሁት። ደርሰን ስንከፍተው ጭዱ አራት ጣት ወርዷል። ብርጭቆዎቹ ከላይ ባዶ ቦታ አግኝተው መንገዱን ሁሉ ሲጨፍሩ ነው የመጡት። ሦስቱ አልተረፉም፤ ከደመወዜ ከፈልኩ። ጭድ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ድሮ በጭድ ያልተጓዘ ሸክላና ብርጭቆ የለም። ነገር ግን በእጅ ተገፍቶ ተገፍቶ እስኪጠነክር ካልተጠቀጠቀ መንገድ ላይ ይወርዳል፤ እርጥበት ካለው ደግሞ ካርቶኑን ያረጥበዋል። እኔ ትቼዋለሁ።

‹ተሰባሪ› የሚለው ጽሑፍም ብዙ አይጠቅምዎትም። ሸክም የያዘ ሰው ካርቶኑ ጀርባው ላይ ነው፤ በጀርባው አያነብም። ጽሑፉ ይኑር፣ ግን በአራቱም ጎንና በክዳኑ ላይ ይሁን፤ የላይኛውን ፊት የሚያሳይ ቀስትም ያድርጉበት። ከጽሑፍ ይልቅ የሚያስተማምነው የካርቶኑ ትንሽነት ነው። ትልቅ ካርቶን ይከብዳል፤ የከበደ ካርቶን በሁለት ሰው ይያዛል፤ ሁለቱ ደግሞ እኩል አያስቀምጡትም። ከ15 ኪሎ እንዳያልፍ፣ አንድ ሰው ያለ ጭንቅ አንስቶ ዝቅ ብሎ የሚያስቀምጠው ይሁን። የሳሙና ካርቶን ትንሽም ጠንካራም ስለሆነ እመርጠዋለሁ። የዘይት ካርቶን ዘይት የጠጣ ከሆነ እምቢ ይበሉ፤ ልል ነው። የካርቶኑን ግርጌ በፕላስተር በስፌቱ ላይ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በመስቀለኛ አንድ ጊዜ ያስሩት። ክዳኖቹን እርስ በርስ አጠላልፎ መዝጋት የሚባል ነገር አለ፤ ለአሮጌ ጫማ ይሆናል።

አሁን ወደ ብርሌው። ብርሌ የሚሰበረው አንገቱ ከሆዱ በሚገናኝበት ቦታ ነው። ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ቀጭን ስለሆነ፣ በአንድ ጨርቅ ሲጠቀለል ሆዱ ላይ ጨርቁ ይወጠራል፣ አንገቱ ዙሪያ ግን ባዶ ይቀራል። ጎረቤቱ ያንን ባዶ ቦታ በትከሻው ሲገፋ አንገቱ ይቆረጣል። መድኃኒቱ አንገቱን ማወፈር ነው። ጠረጴዛ ላይ የታጠፈ ፎጣ ያንጥፉ። ብርሌውን በደንብ አድርቀው (ውስጡ የቀረ ውሃ ወረቀቱን ያሟሟዋል) በጎኑ ያስተኙት። አንድ ገጽ ወረቀት በቁመቱ አጥፈው እንደ ፋሻ አንገቱ ላይ ይጠምጥሙ፤ ሌላ ይጨምሩ፣ ሌላም፣ አንገቱ እንደ ሆዱ እስኪወፍር ድረስ። አራት ወይም አምስት ገጽ ይፈጃል። ሲጨርሱ ብርሌው ብርሌ አይመስልም፤ ከላይ እስከ ታች እኩል የሆነ የሙቀጫ ዘነዘና ይመስላል። ከዚያ በኋላ ነው ሙሉውን በሁለት ገጽ ጠቅልለው፣ ጫፎቹን ወደ ውስጥ አስገብተው፣ በፕላስተር የሚይዙት። ፕላስተሩ ወረቀቱን እንጂ መስታወቱን አይንካ። ውስጡን በወረቀት መጠቅጠቅ የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ ለብርሌ አያድርጉት። ሲያስገቡት እሺ ይላል፣ ሲያወጡት ግን አንገቱን ይዘው ነው የሚታገሉት።

ካርቶኑ ግርጌ ላይ አራት ጣት ያህል የተጨማደደ ወረቀት ይግባ። የተጨማደደ ነው ያልኩት፤ ታጥፎ የተነጠፈ ጋዜጣ ጣውላ ነው፣ ተጨማድዶ ሲገባ ግን እንደ ስፕሪንግ ይመልሳል። የልጆቹ የዓምና ደብተሮች ለዚህ የተፈጠሩ ናቸው። ጋዜጣ ከተጠቀሙ ቀለሙ ነጭ ስኒና የወርቅ ቀለም ያለው ጠርዝ ያጠቁራልና መጀመሪያ አንድ ንጹሕ ወረቀት ያስቀድሙ። አራቱን ብርሌዎች በየማዕዘኑ አቁመው ያስገቡ፤ መሐላቸው ላይ ከሌላ ካርቶን የቆረጡትን በመስቀል ቅርጽ የተሰካካ ግድግዳ ያቁሙ። ክፍተቱን ሁሉ በወረቀት ይሙሉ፣ ከላይም አራት ጣት ይጨምሩ። ክዳኑ ሲዘጋ ትንሽ እምቢ ማለት አለበት። ከዘጉ በኋላ ካርቶኑን በሁለት እጅዎ አንስተው ጆሮዎ አጠገብ ነቅነቅ ያድርጉት። የሚንቀሳቀስ ነገር ከተሰማዎት፣ ትንሽም ቢሆን፣ ፕላስተሩን ይቅደዱና እንደገና ይሙሉ። እኔ ዛሬም ከአምስት ካርቶን አንዱን መልሼ እከፍታለሁ፤ አያሳፍርም።

የሻይና የውሃ ብርጭቆዎቹ ይህን ያህል ልፋት አይፈልጉም። እያንዳንዱ ለብቻው ይጠቅለል፣ ቆሞ ይሂድ፣ በጎኑ አይተኛ፣ አንዱ አንዱ ውስጥ አይግባ። ተደራርቦ የሄደ ብርጭቆ መንቀጥቀጡ ይበልጥ ያጣብቀዋል፤ ሲያላቅቁት ነው የሚሰነጠቀው። የተሻለ ዘዴም አለ። ኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ናት፤ ደሴም ቢሆን ባዶ የቢራ ሳጥን የሌለበት ግሮሰሪ የለም። ሃያ አራት ክፍል ያለው የፕላስቲክ ሳጥን መያዣ አስይዘው ይዋሱ። በየክፍሉ ግርጌ የተጨማደደ ወረቀት፣ በላዩ በአንድ ገጽ የተጠቀለለ ብርጭቆ፣ በላዩ ደግሞ ወረቀት። ብርጭቆው ከሳጥኑ ከንፈር በላይ ካልወጣ ሌላ ሳጥን ቢጫንበትም ክብደቱን የሚሸከመው ፕላስቲኩ ነው። ሰፊ ብርጭቆ ግን በግድ አያስገቡ።

ስኒ ወፍራም ስለሆነ ይቅርታ ያደርጋል፤ ሦስት ሦስቱን በመሐላቸው ወረቀት አድርገው ቢደራርቧቸው አልቆጣም። የስኒ ማስቀመጫውንና ሳህኑን አጋድመው አይቆልሉ፣ እንደ መጽሐፍ በጠርዛቸው ያቁሟቸው። ጀበናውን ለእኔ አይስጡኝ። አዲስ ጀበና ገበያ ላይ ሞልቷል፤ ቡና የጠገበ ጀበና ግን አይገዛም፣ ስለዚህ በጭንዎ ይያዙት።

አንድ የሐረጎ ጉድ ልንገርዎት። ባዶ ቦታ ለመሙላት ብዙ ሰው ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ክዳኑን አጥብቆ በካርቶኑ ውስጥ ይሰካል። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። ታች ያለው አየር ይበልጥ ይጫናልና ደሴ ላይ የታሸገ ፕላስቲክ ኮምቦልቻ ሲደርስ ጎኑ ገባ ይላል። ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ካርቶንዎ ጠበቅ ብሎ ተነሥቶ ላላ ብሎ እንዲደርስ ይበቃል። ቅቤም እንደዚሁ ነው። ደሴ ላይ እንደ ድንጋይ የረጋው ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ መልኩን ይቀይራል፤ የቅቤ ዕቃ ከብርጭቆ ጋር በአንድ ካርቶን ሲሄድ አይቻለሁ፣ የአጠባውንም ምሬት ሰምቻለሁ።

የቁም መስታወቱ ተኝቶ እንዳይሄድ። ሲተኛ በራሱ ክብደት መሐሉ ይጎብጣል፣ መኪናው በዘለለ ቁጥር ይበልጥ ይጎብጣል። በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ማዕዘኖቹን በካርቶን አልብሰው፣ በሁለት የስፖንጅ ፍራሽ መሐል አቁመው ከአይሱዙው ጎን ጋር ይታሰር። ብርድ ልብስ የሚያምርበት እዚህ ነው። በላዩ ላይ ፕላስተር በመስቀለኛ መለጠፍ ከመሰበር አያድነውም፤ ቢሰበር ስባሪው እንዳይበተን ነው። የቡፌው የውስጥ መደርደሪያ መስታወቶች ወጥተው ለየብቻ ይጠቅለሉ፤ ተንሸራታች በር ከሆነ በሮቹም ይውጡ፣ ማጠፊያ ያለው ከሆነ ተዘግቶ በጨርቅ ገመድ ይታሰር። ቁልፉን ቡፌው ላይ አይተዉት፤ ሲወርድ ግድግዳ ይነካና ይሰበራል።

በጭነቱ ላይ ከረዳቱ ጋር መጨቃጨቅዎ አይቀርም፤ ይጨቃጨቁ። የአይሱዙ ጭራ ከሁሉ ይበልጥ ይዘላል፤ ከኋላ ጎማ ወዲያ ብርጭቆ አይቀመጥም። ማቀዝቀዣውና ቡፌው ወደ ፊት ይገቡና ይታሰራሉ፤ ከእነርሱ ቀጥሎ ወለሉ ላይ፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ ተነጥፎ፣ የብርጭቆ ካርቶኖቹ፤ ከካርቶኖቹ ኋላ ልብስ የያዙ ማዳበሪያዎችና ትራሶች። ሐረጎ ላይ ፍሬን ሲያዝ ጭነት ሁሉ ወደ ፊት ይገፋል። ከብርጭቆ ኋላ የቆመ ያልታሰረ ነገር ወፍጮ ከሆነ የሚሆነውን ያውቁታል። ካርቶኖቹን ፍራሽ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ጥሩ ይመስላል እንጂ ፍራሽ ያዘልላል፤ ዘልሎ ይገለብጣል።

ሾፌሩን በምልልስ ሳይሆን በግማሽ ቀን ይዋዋሉት። በምልልስ የተዋዋለ ሰው ሁለተኛ ጭነት ይጠብቀዋል፣ ቁልቁለቱን ፍሬን እየረገጠ ይወርዳል። ጊዜ ያለው ሰው በከባድ ማርሽ ይወርዳል።

ወሩ ነሐሴ መሆኑን ሳልረሳ፦ ካርቶን ግቢው ሲሚንቶ ላይ አይቀመጥ። ሲሚንቶው ደረቅ ቢመስልም የደሴ ጠዋት ውስጡ ነው። አንድ ሰዓት ተቀምጦ የቆየ ካርቶን ሲነሣ ግርጌው መሬት ላይ ይቀራል፤ ዕቃው የሚከተለው ግርጌውን ነው። ጣውላ ወይም ማዳበሪያ ያንጥፉ፣ ሸራውም ዝናቡ ሳይጀምር ይዘርጋ።

ኮምቦልቻ ሲደርሱ የብርጭቆዎቹ ካርቶን ጥላ ቦታ ትንሽ ይረፍ። ከጭነት የወጣ ብርጭቆ ላይ የፈላ ሻይ አይቅዱ፤ ድንገተኛ ሙቀት አንዱን ጎን ሌላው ሳይከተለው ይለጥጠዋልና ጉዞውን በሰላም ጨርሶ ጠረጴዛ ላይ ይሰነጠቃል። ወረቀቱንም ሁሉ እየፈቱ ይዳብሱ እንጂ በጅምላ ወደ ቆሻሻ አይጣሉ፤ ስኒ ወረቀት ውስጥ ሆኖ ሲጣል ድምፅ የለውም።

የብርሌዎቹ ካርቶን ግን ከአይሱዙው ኋላ ጨርሶ አይጫን። ጋቢና ውስጥ፣ በእግርዎ መሐል ወለሉ ላይ ይሂድ። ሾፌሩ «ረዳቱ አለ፣ ቦታ የለም» ካለዎት ረዳቱ በሚኒባስ ይምጣ፤ ሒሳቡን እርስዎ ይክፈሉለት።