ስለ ዳክስሁንድ ወገብ ጠይቁኝ

ሐኪም አይደለሁም። ለገጣፎ ሁለት ዳክስሁንድ የሚባሉ እግረ አጭር ውሾች ያሳደግሁ ሰው ነኝ። ስለ ወገባቸው ጠይቁኝ ብል ጥያቄው ጎረፈ።

ጋሼ፣ የእኔ ገና 4 ዓመቱ ነው። የወገብ ሕመም የእርጅና አይደለም እንዴ?

አይደለም። በብዛት የሚመታቸው ከ3 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። እግራቸውን ያሳጠረው የዘር ውርስ በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለውን ለስላሳ ትራስ ገና በልጅነት ያደርቀዋል። የደረቀው ትራስ አንድ ቀን ሾልኮ ነርቩን ይጫናል። ከሶፋ መዝለሉ ሰበብ ነው እንጂ ነገሩ የተበላሸው ቀድሞ ነው።

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነን። ሊፍት የለም።

ተሸከመው። አንድ እጅ ከደረቱ ሥር፣ አንድ እጅ ከመቀመጫው ሥር፤ ጀርባው ቀጥ ይበል። ብብቱን ይዘህ አታንጠልጥለው። ለልጆቹም አሳያቸው፤ አጥፊዎቹ እነሱ ናቸው።

ሴራሚኩስ?

ያንሸራትተዋል። እሱ በሚመላለስበት ምንጣፍ ጣል አድርጉ።

ከፋሲካ ወዲህ ወፍሯል፤ ያምርበታል ግን።

አያምርበትም! ጎኑን ዳብስ። ጎድኖቹ በጣትህ ካልተቆጠሩ ወገቡ ትርፍ ሸክም ይዟል። በዓል ሲመጣ ጮማው ሁሉ ወደ እሱ ይወረወራል፤ እንግዳውም ደብቆ ያጎርሰዋል። የእኔዋን ያወፈረቻት እናቴ ነች፤ «ታሳዝናለች» እያለች።

በአንገቱ ልሰረው?

ለሽርሽር ሃርነስ የሚባለው የደረት ማሰሪያ ይሻላል።

ዛሬ ጠዋት የኋላ እግሩ ይንገዳገዳል። ወጌሻ ቢያሸውስ?

እህቴ፣ ማንም እንዳያሸው! እኔም «ብርድ ነው» ብዬ ቅቤ ቀብቼ ቀን አቃጥያለሁ። መዳፉን ገልብጠሽ መሬት አስነኪው፤ ጤነኛ ውሻ ወዲያው ይመልሰዋል። የእኔዋ እንደተገለበጠ ትታው ቆማ ነበር። የአንቺም እንዲያ ከሆነ በጠባብ ካርቶን አስተኝተሽ ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰጂው። ጣቱ ሲቆነጠጥ የማይሰማው ከሆነ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን እንዳትሰጪው፤ የሰው ማስታገሻ ውሻን ይመርዛል።

ሐኪሙ ዕረፍት ብሎናል። እስከ መቼ?

በጠባብ ቦታ፣ ቢያንስ 4 ሳምንት። የሚወጣው ለሽንት ብቻ ነው፤ ያውም በማሰሪያ። የእኔዋ በሳምንቷ ጭራዋን እየቆላች ልውጣ ብላ አለቀሰች። አሳዘነችኝና ለቀቅኳት። ማታ እንደገና ወደቀች፤ ቆጠራውን ከ1 ጀመርን።