ዲፊውዥን ኤምአርአይ እና የማህፀን በር ካንሰር፦ ጥያቄና መልስ

ራዲዮሎጂስት ነኝ፤ ውሎዬ የዳሌ ኤምአርአይ ላይ ነው። ዲፊውዥን ማለት ውሃ በሴሎች መካከል እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚያሳይ የኤምአርአይ ምስል ነው። የቡድኑ አባላት፣ ጠይቁ። የኤዲሲ ካርታውን (የውሃው እንቅስቃሴ በቁጥር የተለካበትን ምስል) ሳታዩ ግን «ያበራል» ብላችሁ አትምጡብኝ።

ሬዚደንት፦ ዶክተር፣ ሕክምናው መሥራቱን ዲፊውዥን በምን ያሳያል?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ። ካንሰሩ ውስጥ ሴሎቹ ተጨናንቀዋል። ውሃው እንደልቡ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ በቢ 800 ወይም 1000 ምስል ላይ (ቢ ምስሉ የውሃውን እንቅስቃሴ ምን ያህል አጉልቶ እንደሚያሳይ የሚነግር ቁጥር ነው) ያበራል፣ ካርታው ላይ ይጠቁራል። ጨረሩና ሲስፕላቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት ሴሎቹን ሲገድሉ ክፍተት ይፈጠራል፤ ኤዲሲውም ከፍ ይላል። ይሄ ብዙ ጊዜ ዕጢው በመጠን ሳይቀንስ ቀድሞ ይታያል። ደስ የሚለኝ ደግሞ አይቪም የተባለው የዲፊውዥን ዘዴ ነው። ዝቅተኛ የቢ ምስሎችን ጨምሮ የደሙን ፍሰት ከውሃው እንቅስቃሴ ይለያል። ደም በደንብ የማይደርሰው ዕጢ ኦክስጅን ያጥረዋል። እንዲህ ያለው ለጨረር እምቢተኛ ነው።

አባል፦ አንዲት ታካሚ ሕክምና ከጨረሰች 3 ወር ሆኗታል፣ ቦታው አሁንም ያበራል። ካንሰሩ አልጠፋም ማለት ነው?

መልስ፦ ካርታውስ? ቲ2ውስ (የአካሉን ቅርጽ የሚያሳየው የተለመደው የኤምአርአይ ምስል)? ካርታውም ላይ ካበራ እብጠት ሊሆን ይችላል። ቲ2ውም ካርታውም ከጠቆሩ ጠባሳ አስብ። እኔን የሚያስፈራኝ በቢ 1000 አብርቶ፣ ካርታው ላይ ጠቁሮ፣ ቲ2 ላይ ግራጫ የሆነው ነው።

አባል፦ ማሽኑ 3 ቴስላ (የማግኔቱ ኃይል መለኪያ) ካልሆነ ዋጋ የለውም።

ሌላ አባል፦ ኧረ ባክህ! አንጀት ውስጥ አየር ካለ 3 ቴስላው ነው ይበልጥ የሚያዛባው።

አባል፦ እናንተ ጋ ስለሌለ ነው።

መልስ፦ የማሽን ፉክክሩን ተዉት። ፊንጢጣ ውስጥ አየር ካለ ምስሉ ላይ የማህፀን በሩ የኋላ ከንፈር እንደ ማስቲካ ይለጠጣል፤ በ3 ቴስላውም ሆነ ደከም ባለው ማሽን። የአንጀት እንቅስቃሴን የሚያረጋጋውን ቡስኮፓን ስጡ፣ ፊንጢጣውም ባዶ ይሁን።

አባል፦ እህቴ ኤዲሲዋ 1.1 ነው ተባለች። ትድናለች?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ። በአንድ ቁጥር ግን አይፈረድም። ቁጥሩ በማሽኑና በተመረጠው ቢ ይለያያል። በዚያው ማሽን ከተነሳችው የቀድሞ ምስል ጋር ይታይ። ቀሪውን ሐኪሟን ጠይቅ።

አባል፦ ሊምፍ ኖድ (ንፍፊት) ካበራ ተዛምቷል?

መልስ፦ ጤነኛውም ያበራል። መጠኑንና ቅርጹን እይ። ደግሞም ካርታውን! ስንት ጊዜ ልበል?

አባል፦ ስለ ኤምአርአይ ቢያብራሩልን?

መልስ፦ ስለ ምኑ?

አባል፦ ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ የወሊድ መቆጣጠሪያ) ያላት ሴት መግባት ትችላለች?

መልስ፦ የመዳቡ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም። የሉፑን ካርድ ይዛ ትምጣ፣ ሳትገባ በፊት ለቴክኒሻኑ ትንገር።